የጠርሶ ሰባት ፍሬ

ኑርሁሴን አሁን የሚሠራው በሕብረት ሥራ ማኅበር ነው። ደሴ ፒያሳ ላይ ከሌሎች አሥራ አንድ አንጥረኞች ጋር በአንድ አዳራሽ ተደርድሮ ይውላል። ወርቅ ሲጠፋ ብር ይሠራሉ፤ ብር ሲጠፋ መዳብ፤ መዳብም ሲጠፋ ስብሰባ ይቀመጣሉ። ስብሰባው ሲረዝም የኑርሁሴን ልብ ወደ ስልሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ይሸፍታል። ያን ዓመት ሌላው ሰው የሚያስታውሰው ንጉሡ በመውረዳቸው፣ አዋጅ በአዋጅ ላይ በመደራረቡ ነው። እሱ የሚያስታውሰው ግን ከሞላልኝ ጋር የወርቅ ፍለጋ ኩባንያ ሊያቋቁሙ ለጥቂት በመቅረታቸው ነው። ደግ ዘመን ነበር አይልም፤ ያ ክፉ ድርቅ ገና ከየሰው ደጃፍ አልራቀም ነበር። ቢሆንም ሰው ተስፋ ማድረግ ያልታከተው ዘመን ነበር፤ የሚናፍቀውም እሱ ነው።

ሞላልኝ የልጅነት ጓደኛው ነው። ኮምቦልቻ ላይ አጥር ለአጥር ተወልደው፣ ቦርከና ላይ አብረው ዋኝተው ያደጉ ናቸው። ኑርሁሴን ረመዳንን ሲፆም ሞላልኝ ዳቦውን ደብቆ ጓሮ ይዞር ነበር፤ ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ኑርሁሴን ወተቱን ደብቆ በዚያው ጓሮ ይዞራል። ካደጉ በኋላ አንዱ የአባቱን ሞረድና ወናፍ ወርሶ ደሴ ወጣ፤ ሌላው አዶላ ወርቅ ማውጫ ሄዶ የወንዝ አሸዋ ሲያጥብ አሥራ አራት ዓመት ቆየ። ከዚያ ይዞት የመጣው ወርቅ ሳይሆን የወርቅ ወሬ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮምቦልቻ በሎንችና ይወጣና ከኑርሁሴን ሱቅ በር ላይ ይቀመጣል፤ ሳይጠየቅ ወናፉን እየነፋ ያወራል። ወሬው ሁሌም አንድ ነው። ከኮምቦልቻ በታች ጠርሶ የምትባል አንዲት ወንዝ አለች፤ ድንጋይዋ የአዶላን ድንጋይ ይመስላል።

«ኑሬ ስማኝ» ይላል። «እኛ ወርቅ አናወጣም። ማውጣት የትልልቆቹ ሥራ ነው፤ ማሽን ይጠይቃል። እኛ ያለበትን ቦታ ነው የምንፈልገው። እዚህ አለ ያልን ቀን፣ ዛሬ በሃምሳ ብር የተገዛች አክሲዮን አምስት መቶ ታወጣለች። አንደኛው ዓመት ጉድጓድ ነው። ሁለተኛው ፈቃድና ፓምፕ ነው። በሦስተኛው ትልልቆቹ ራሳቸው ደጃችን መጥተው ይለምኑናል።»

«ካላገኘንስ?»

«ካላገኘንማ ጉድጓዱን ሽንት ቤት እናደርገዋለን።»

ኑርሁሴን ይስቃል። እየሳቀ ግን ውሃው ቀስ በቀስ እየወሰደው ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ ዕድሜ ልኩን የሌላ ሰው ወርቅ ሲያቀልጥ ኖሯል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሞላልኝ ስለ ጠርሶ ሲያወራ ፊቱ የዚያ የቦርከናው ልጅ ፊት ይሆናል። ኑርሁሴን ያን ፊት ማየት ይወድ ነበር።

አክሲዮኑን ማን ይግዛ ሲባል መልሱ ቅሬው ሆነ። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ሬሳው ወደ መስጊድ ይሂድ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ የሚሸከመው ያው ትከሻ ነው። ሁለቱ ጓደኞች አባል የሆኑበት የኮምቦልቻ ቅሬ ዳኛ ሼህ ሙሄዲን እህል ነጋዴ ነበሩ። ነገር ከመሰንዘራቸው በፊት ጢማቸውን የሚዳብሱ፣ ቀልድ የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው። ቅሬው ደግሞ ከጥንት የቆየ አንድ ደንብ ነበረው። ማንም ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ዳኛው «የቀረ ነገር ያለው ይናገር» ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። ከሦስተኛው በኋላ የሚገኝ ጉድለት፣ እያወቀ ዝም ያለው ሁሉ ጉድለት ነው።

ሼህ ሙሄዲን የሞላልኝን ነገር እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ልጄ» አሉ፣ «ሕዝቤን ላም አለኝ በሰማይ አላሰኘውም። ድርቁ ያላደረሰበትን እኔ ላደርስበት አልፈልግም። አንድ ቅንጣት አምጣልኝ። ኑርሁሴን አይቶ ወርቅ ነው ካለ፣ ወላሂ ወርቅ ነው፤ እኔም የመጀመሪያውን አክሲዮን እገዛለሁ።»

ነገሩ ሁሉ ኑርሁሴን ትከሻ ላይ ያረፈው በዚህ ነው። ኮምቦልቻም ደሴም ሰው የአንገት መስቀሉንና የማጫ ወርቁን የሚያስመዝነው እሱ ዘንድ ነበር፤ አንድ ቀን አጎደለ ተብሎ ስሙ ተነሥቶ አያውቅም።

ጥቅምት ላይ ዝናቡ እንዳቆመ ሁለቱ ብቻቸውን ወደ ጠርሶ ወረዱ። ሞላልኝ የወርቅ ማጠቢያ ሳህኑን አዶላ ጥሎት ስለመጣ፣ ኑርሁሴን ከሱቁ የአባቱን ገበቴ ይዞለት ሄደ። ጠርዙ በእጅ ብዛት የለሰለሰ፣ ሰፊ የዋንዛ ገበቴ ነው። ሞላልኝ ሱሪውን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ገባ። አሸዋውን ዘግኖ፣ ገበቴውን እንደ ሕፃን እያወዛወዘ፣ ቀላሉን እያስወጣ ከባዱን እያስቀረ እስከ ቀትር አጠበ። በስተመጨረሻ ከጥቁሩ አሸዋ ሥር ሰባት ፍሬ ብልጭ አለች፤ የጤፍ ቅንጣት ብታክል ነው።

ሞላልኝ አንዷን በጣቱ ጫፍ አንሥቶ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ኑርሁሴን ዝምታው የደስታ መሰለው። እሱ ራሱ እንባው መጥቶ ነበርና ሌላ ነገር አላሰበም። «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ጓደኛውን ከነእርጥቡ አቀፈው፤ ሁለት ጎልማሶች ወንዝ መሀል ቆመው እንደ ጥምቀት ልጆች ተራጩ። የዚያን ቀን የበሉት የገብስ ቆሎ ጣዕም እስከ ዛሬ አልጠፋውም።

ሱቅ ተመልሰው ኑርሁሴን አንዷን ፍሬ መሞከሪያ ድንጋዩ ላይ ጫራት፤ አሲድ ጠብ አደረገባት። ጭረቱ አልጠፋም። ቀላ ያለ፣ የሚያምር ቀለም ነበረው።

«ሞሌ፣ ከእኔ እጅ የወጣ እኮ ነው የሚመስለው» አለ በኩራት።

ወሬው የሐረጎን ቁልቁለት ከሎንችናው ቀድሞ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። በሁለት ሳምንት ሃምሳ ስምንት ሰው ተመዘገበ። «ጊዜው የድሃ ነው፤ እንግዲህ ድሃም ባለኩባንያ ይሆናል» አለ ሰው። ገበያ ላይ አዛውንቶች ስለ ፓምፕ ተከራከሩ። ልጁን በሦስተኛው ዓመት ሊድር የወሰነ አለ፤ ቆርቆሮውን ከወዲሁ ያማረጠ አለ። ከሁሉም ኑርሁሴንን የነካችው ግን የእትዬ ፀሐይነሽ ነገር ናት። ከድርቁ በኋላ ባልና ሁለት ልጅ ቀብረው ብቻቸውን የቀሩ ሴት ናቸው። የቀረቻቸውን አንዲት ጊደር ሸጠው ብሩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ገንዘቡ የሚሰበሰበው በኅዳር አንድ እሑድ እንዲሆን ተቀጠረ።

ኑርሁሴን ዕለቱ ሐሙስ፣ ለስብሰባው ሦስት ቀን ሲቀረው እንደነበር ያስታውሳል። አንጥረኛ ጥራጊውን አይጥልም፤ ሞረድ የነከሰው ብናኝ ወለሉ ላይ፣ አመዱ ውስጥ ይቀራልና በወር አንድ ጊዜ ጠርጎ ሰብስቦ በገበቴ ያጥበዋል። ያን ቀንም እንደ ልማዱ አጠበና ብናኙን ለቀመ። ገበቴውን ሊያለቀልቅ ንጹሕ ውሃ አፈሰሰበት፣ አወዛወዘው፣ ሊደፋው ሲል እጁ ቀጥ አለ። በንጹሕ ውሃ ውስጥ አራት ፍሬ ብልጭ ብላለች።

ገበቴውን ወደ ብርሃን አዞረው። በጋው ዋንዛውን ሰነጣጥቆት ኖሯል። በስንጥቁ ሁሉ ውስጥ የሱም የአባቱም የአርባ ዓመት ብናኝ ተሰግስጓል፤ በተነካ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይለቃል። ሰው የራሱን ቤት ሽታ አይሸተውም። ማንም አንጥረኛ ያልሆነ ሰው፣ ከማዕድ ቤት የተገኘ ድስት ይዞ ወደ ጠርሶ ቢወርድ ይህ ስህተት አይደርስበትም ነበር። ከእኔ እጅ የወጣ ይመስላል ያለው ወርቅ፣ ከገዛ እጁ የወጣ ነበር።

ለሚስቱ ለሐዋ ነገራት። ሐዋ ብዙ ሰዓት ምስር ስትለቅም ቆየች።

«ዝም አይነቅዝም ይላሉ» አለች በመጨረሻ። «ምናልባት አላህ በጠርሶ እውነተኛውን ያስቀመጠ እንደሆን ማን ያውቃል። ብትናገር ሞላልኝ ይሞትብሃል። ያንተም ስም ከሞላልኝ ጋር ይቀበራል።»

«ባልናገርስ?»

«ባትናገርማ የፀሐይነሽን ጊደር በላሃት» አለች፤ ምስሯንም መልቀም ቀጠለች።

ቢያንስ ለሞላልኝ ለብቻው አስቀድሜ እነግረዋለሁ ብሎ ወሰነ። እሑድ ጠዋት ሞላልኝ ደሴ ድረስ ሊወስደው መጣ። ያለችውን አንዲት ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ወረቀቶቹን በካርቶን ይዞ ነበር። ሎንችናው ሐረጎን ጥምዝ በጥምዝ ሲወርድ ኑርሁሴን አራት ጊዜ አፉን ከፈተ። አራቱንም ጊዜ ሞላልኝ ቀደመው፤ ስለ ጉድጓዱ ጥልቀት፣ ስለ ዘበኛ መቅጠር፣ ከሦስተኛው ዓመት በኋላ አብረው ስለሚሠሩት ቤት ያወራል። ፈጠን ፈጠን ብሎ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ ነበር የሚያወራው። ነገሩ ሳይነገር ኮምቦልቻ ደረሱ።

ስብሰባው በሼህ ሙሄዲን የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። ከድርቁ ወዲህ ግማሹ ባዶ ስለሆነ ሃምሳ ስምንት ሰው እንደልቡ ተቀመጠበት። ሼህ ሙሄዲን ዱዓ አደረጉ፤ ሙስሊሙ አሚን፣ ክርስቲያኑ አሜን አለ። ሞላልኝ የኩባንያውን የሦስት ዓመት ዕቅድ አነበበ። እትዬ ፀሐይነሽ ከፊት ተቀምጠው የነጠላቸውን ቋጠሮ በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«የቀረ ነገር ያለው ይናገር» አሉ ሼሁ።

ኑርሁሴን መሬት መሬት አየ።

«የቀረ ነገር ያለው ይናገር።»

ሞላልኝን አየው። ሞላልኝም መሬት ያያል። ኑርሁሴን በሕይወቱ እንደዚያች ቅጽበት ማንንም ወድዶ፣ ማንንም ፈርቶ አያውቅም። ከዚህ ወዲያ አንዲት ጥያቄ ብቻ ቀርታለች። እሷን ዝም ብሎ ካሳለፈ ኩባንያው ይጸድቃል፤ ጓደኛውም ይቀርለታል።

«የቀረ ነገር ያለው ይናገር።»

«እኔ አለኝ» ብሎ ተነሣ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። «ወርቁ ወርቅ ነው፤ አልዋሸሁም። ግን የጠርሶ አይደለም። ጥራጊ የማጥብበት ገበቴዬ ስንጥቁ ውስጥ ብናኝ ይዞ ኖሯል። ያወቅሁት ሐሙስ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሞላልኝ ምንም አያውቅም።»

ሼህ ሙሄዲን ጢማቸውን ዳበሱ።

«አብሽር፣ አይዞህ» አሉት። «እንግዲያው በንጹሕ ዕቃ አጥባችሁ ኑ፤ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም።»

እትዬ ፀሐይነሽ ቋጠሯቸውን አጠበቁና «እኔስ ለጊደሬ ነው የማዝነው፤ ደህና እንስሳ ነበረች» አሉ። በንዴት አይደለም ያሉት፤ ኑርሁሴንን ያንገበገበውም ያ ነው። ሰው ቀስ በቀስ ተነሥቶ ወጣ። አንዳንዱ ሳቀ፤ ቆርቆሮ ያማረጠው ግን አልሳቀም። ሞላልኝ ወረቀቱን ሰብስቦ ካርቶኑ ውስጥ ከተተ። ኑርሁሴንን ሳያይ በጓሮው በር ሄደ።

በማግሥቱ ኑርሁሴን አዲስ የብረት ሳህን ገዝቶ ብቻውን ጠርሶ ወረደ። ሦስት ቀን አጠበ። የሞላልኝ እጅ የለውምና ያገኘው ጥቁር አሸዋ ብቻ ነው።

ከዚያ ቅዳሜ መጣ፤ ሞላልኝ አልመጣም። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ። ኑርሁሴን ሰው ላከ፤ «የለም» ተባለ። ራሱ ሄደ፤ በሩ ተዘግቶ ቆየው። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። ከልጅነታቸው ጀምሮ፣ ከአዶላው ዓመታት በቀር፣ ለጥምቀት ሞላልኝ ሎሚ ያመጣለት ነበር፤ ያን ዓመት ሎሚ የሚያመጣ አልነበረም። ወናፉን ራሱ እየነፋ፣ ራሱ እያቀለጠ፣ በሩ ላይ የሰው ጥላ ባረፈ ቁጥር ቀና ይላል። እውነቱን ተናግሬ ሰላም አገኛለሁ ብሎ ነበር። ያገኘው ግን ባዶ ቅዳሜ ነው።

ጥር መጨረሻ ላይ ሬዲዮኑ ኩባንያዎች ሁሉ የመንግሥት መሆናቸውን ተናገረ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መሬቱም፣ ከመሬት በታች ያለውም የሕዝብ ነው ተባለ። ፒያሳ ላይ ሰው በየሻይ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ አዳመጠ። በዚያው ሳምንት ከኮምቦልቻ የቅሬው ሰዎች እየወጡ የኑርሁሴንን ትከሻ ሳሙት። አክሲዮን ቢገዙ ኖሮ ያ ሁሉ ብር ሜዳ ላይ ሊቀር ነበር። ሼህ ሙሄዲን ራሳቸው መጥተው መረቁት። እትዬ ፀሐይነሽም ሌላ ጊደር መግዛታቸውን፣ ጊደሯም መክበዷን ነገሩት። «አዋጁን ቀድሞ ያየ ሰው» ተባለ። እሱ ያየው ገበቴውን ብቻ ነበር። ምስጋናው በረከተ፤ እሱ ግን ከሰው ሁሉ የሚጠብቀው ሞላልኝን ነው።

የካቲት ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ በሩ ላይ ጥላ አረፈ። ሞላልኝ ነበር። ከስቷል፤ ጢሙን አልተላጨም። እንደ ድሮው አልተቀመጠም፤ ደፉ ላይ ቆመ።

«ግባ እንጂ» አለው ኑርሁሴን። «ሞሌ፣ አንተ ሳታውቅ በሰው ፊት ላዋርድህ አይገባኝም ነበር። ሎንችናው ላይ ልነግርህ ነበር፤ አቃተኝ። ይኸው ሦስት ወር ሙሉ ስረግመው የኖርኩት ምላሴን ነው። አውፍ በለኝ፤ ይቅር በለኝ።»

«ተው ኑሬ» አለ ሞላልኝ። «ተቆጥቼ የቀረሁ መሰለህ?»

«ታዲያ?»

ሞላልኝ የቀኝ እጁን ጣት ጫፍ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገ።

«አሥራ አራት ዓመት የወንዝ ወርቅ ዳብሻለሁ። የወንዝ ወርቅ ውሃ ሲያንከባልለው ይኖራልና ጠርዝ የለውም። ያን ቀን ጠርሶ ላይ ያነሣኋት ፍሬ ጣቴን ወጋችኝ። የሞረድ ብናኝ መሆኗን የዚያኑ ጊዜ አውቄያለሁ። ላንተ ልናገር ስል አንተ አለቀስክ፤ አቀፍከኝ። አንተ ወርቅ ነው ስትል እኔም ወርቅ ነው አልኩ። ሰውም ወርቅ ነው አለ። ከዚያ በኋላ እውነቱ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ሼሁ ሲጠይቁ ሦስቱንም ጊዜ መሬት መሬት አየሁ። አንተ ተነሥተህ ‹ሞላልኝ ምንም አያውቅም› ስትል መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ። ኑሬ፣ ባትነሣ ኖሮ የፀሐይነሽን ቋጠሮ በእነዚህ እጆቼ ልፈታው ነበር።»

ኑርሁሴን ለአፍታ በጣም ተናደደ። ያሳለፋቸው ቅዳሜዎች፣ በተዘጋው በር ላይ መቆሙ፣ ያ ሁሉ የራሱ ጸጸት በአንድ ላይ መጣበት። ውጣልኝ ሊለው ነበር። ከዚያ ግን የመጋዘኑ ስብሰባ ትዝ አለው። የመጀመሪያዋ ጥያቄ ስታልፍ፣ ሁለተኛዋም ስታልፍ እሱ የት ነበር? ከጎኑ ያለውን በርጩማ ሳበለት።

«ተቀመጥ» አለው። «እኔም እኮ ሁለት ጊዜ ዝም ብያለሁ። ሼሁ ሁለት ጊዜ ጠይቀው ቢያቆሙ ኖሮ፣ ቋጠሮውን አብረን ነበር የምንፈታው።»

ሞላልኝ ተቀመጠ። ፊቱን በጋቢው ሸፈነ፤ ይሳቅ ያልቅስ ኑርሁሴን ገልጦ አላየውም። ጥቂት ቆይቶ ሞላልኝ እንደ ድሮው ሳይጠየቅ ወናፉን ወደ ራሱ ሳበና መንፋት ጀመረ።